የመጠጥ ውሃ ጥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ መጠጥ ውሃ የሚነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?» የሚል ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም። ውሃ ከማጣሪያ ጣቢያ ደህና ሆኖ ይወጣና ቤት ሳይደርስ ሊበከል ይችላል። ሰው አብዝቶ የሚጠረጥረው ጣቢያውን ነው። እኔን ግን ከጣቢያው ይልቅ ቧንቧውና ታንከሩ ያሳስቡኛል። ለምን እንደሆነ ከታች ያሉትን ሲያነቡ ግልጽ ይሆናል።

ውሃው ኩልል ያለ ነው። እንዲህም ሆኖ ችግር ሊኖረው ይችላል?

አዎ፣ ይችላል። ለበሽታ የሚዳርጉት ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች በዓይን አይታዩም። ጣዕምም ሽታም አይሰጡም። ብዙ ኬሚካሎችም እንዲሁ ናቸው። አርሰኒክ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ምላስ ላይም አይታወቅም። ባንግላዴሽ ውስጥ ሰዎች ከተበከለ የኩሬና የወንዝ ውሃ እንዲላቀቁ ተብሎ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፍረው ነበር። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን ብዙዎቹ ጉድጓዶች ከልክ ያለፈ አርሰኒክ እንዳለባቸው ታወቀ። እስከዚያው ሕዝቡ ለዓመታት ጠጥቶታል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ቀላ ያለ ውሃ ብዙ ጊዜ ብረት የበዛበት ነው። ልብስ ያበላሻል፣ ጣዕሙ ደስ አይልም፣ በተለመደው መጠን ግን አያሳምምም። ይህ ማለት ድፍርስ ውሃ ችላ ይባል ማለት አይደለም። ጀርሞች በጭቃው ብናኝ ውስጥ ተሸሽገው ከክሎሪን ያመልጣሉ። ጭቃው ራሱም ክሎሪኑን ይጨርሰዋል።

ደህና ውሃ የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለብዙ አገሮች መነሻ ነው። እዚያ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ጀርም ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም። ኢ. ኮላይ የሚኖረው በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ ነው። ውሃ ውስጥ ከተገኘ ዓይነ ምድር ገብቷል ማለት ነው። ዓይነ ምድር በገባበት ደግሞ ኮሌራም፣ ታይፎይድም፣ ጉበት የሚያሳብጡ ቫይረሶችም ሊገቡ ይችላሉ።

ከዚያ ኬሚካሉ ይመጣል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አርሰኒክ ከ10 ማይክሮግራም፣ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም፣ ናይትሬት ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ፍሎራይድ በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከዓለቱ እየሟሟ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል። ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል። ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትንና መገጣጠሚያን ይጎዳል።

ሁለቱ አደጋዎች በጊዜ ይለያያሉ። ጀርም በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ያስተኛል፤ አብዛኛው ኬሚካል የሚጎዳው ለዓመታት ሲጠጣ ነው። ስለዚህ አቅም ሲያጥር ቅድሚያ ለጀርም ነው። ናይትሬት ግን ከዚህ ይለያል። ከማዳበሪያና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ውሃ ይሰርጋል። በጡጦ ዱቄት ወተት የሚመገቡ ጨቅላዎችን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። የሕፃኑ ከንፈርና ቆዳ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ውሃው ምን ይደረጋል?

ከወንዝ ወይም ከግድብ የመጣ ውሃ መጀመሪያ በወንፊት ያልፋል። ቅጠሉና ትልልቁ ቆሻሻ እዚያ ይቀራል። ከዚያ አሉም የሚባለው አሉሚኒየም ሰልፌት ወይም የብረት ጨው ይጨመርበታል። ውሃው ውስጥ ያለው ጭቃ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ለቀናት ቢቀመጥም አይዘቅጥም። ብናኞቹ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አሉሙ ያንን ቻርጅ ያከሽፈዋል። ያን ጊዜ ብናኞቹ መጣበቅ ይጀምራሉ፣ ያድጋሉ፣ ይከብዳሉ፣ ይዘቅጣሉ።

የአሉሙ መጠን በግምት አይደለም። ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ስድስት የመስታወት ጆኮች ይደረደራሉ። ሁሉም ውስጥ ያለው ያው ጥሬ ውሃ ነው፤ አሉሙ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየጨመረ ይሄዳል። አንድ ደቂቃ ያህል በፍጥነት፣ ቀጥሎ ሃያ ደቂቃ ያህል በዝግታ ይማሰላል። ማማሰያው ሲቆም ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ያያል። የመጀመሪያው ጆክ እንደደፈረሰ ነው። አራተኛው ውስጥ እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ነገር ይታይና ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ የቀረው ውሃ ጥርት ይላል። ስድስተኛው አሉም ስለበዛበት መልሶ ደፍርሷል። በዚያ ቀን ጣቢያው የሚጠቀመው የአራተኛውን መጠን ነው። ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ከደፈረሰ ሙከራው እንደገና ይሠራል። የትናንቱ መጠን ለዛሬ ውሃ አይሆንም።

የጠራው ውሃ ቀጥሎ በአሸዋ ያልፋል። አሸዋ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ሃምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰው ገደለ። ሃምቡርግ የኤልበን ወንዝ ውሃ ሳታጣራ ታከፋፍል ነበር። አጎራባቿ አልቶና የምትጠጣው ከዚያው ወንዝ ነው፤ እንዲያውም ከሃምቡርግ በታች፣ የሃምቡርግ ፍሳሽ ከገባበት በኋላ። አልቶና ግን ውሃውን በአሸዋ ታጣራ ስለነበር በአብዛኛው ተረፈች። ሁለቱ ከተሞች በሚዋሰኑበት መንገድ ላይ ኮሌራው በአንደኛው ወገን ሲበረታ ሌላኛው ወገን ደህና ነበር። ልዩነቱ የሚጠጡት ውሃ ብቻ ነበር።

ከአሸዋው በኋላ ክሎሪን ይጨመራል። ከዚያ በፊት ድፍርስነቱ ከ1 ኤንቲዩ በታች ቢወርድ ይመረጣል። ኤንቲዩ የድፍርስነት መለኪያ ነው። የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ አፈሩ ራሱ ስለሚያጣራው ብዙ ጊዜ ክሎሪን ብቻ ይበቃዋል። ብረትና ማንጋኒዝ ካለበት ግን አየር እንዲያገኝ ተደርጎ ይጣራል።

ክሎሪን አይጎዳም ወይ?

በተፈቀደው መጠን አይጎዳም። ክሎሪን ውሃው ላይ ሲጨመር ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋል። የተለመደው መመሪያ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ8 በታች በሆነ ውሃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይና ከዚያ በኋላም በሊትር 0.5 ሚሊግራም እንዲተርፍ ነው። ይህ የሚተርፈው ቀሪ ክሎሪን ይባላል። ውሃው ቤትዎ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ሊቀረው ይገባል። የጤና ድርጅቱ የላይኛው ገደብ 5 ሚሊግራም ነው።

ለእኔ ከሁሉም ቁጥር የሚበልጠው ይህ 0.2 ነው። ቀሪ ክሎሪን መንገድ ላይ የገባን ጀርም የሚገድል ጠባቂ ነው። ቧንቧዎ ላይ ክሎሪኑ ዜሮ ከሆነ ወይ ውሃው ብዙ ተኝቷል፣ ወይ መንገድ ላይ ክሎሪኑን የጨረሰ ቆሻሻ ገብቷል። ስለዚህ ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ሲሸትዎ አይበሳጩ። ሽታው ካስቸገረዎ በንጹህ ጆክ ቀድተው፣ ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ያቆዩት። ይቀንሳል።

ክሎሪን ውሃ ውስጥ ካለ የበሰበሰ ቅጠልና ከመሰለው ነገር ጋር ሲገናኝ ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ውህዶችን ይፈጥራል። ለብዙ ዓመታት በብዛት ከተጠጡ ለጤና ስለሚያሰጉ ገደብ ተቀምጦላቸዋል። መፍትሔው ግን ክሎሪኑን መቀነስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ላይ ጥብቅ ነው፤ እነዚህን ውህዶች ለመቀነስ ተብሎ ጀርም ማጥፋቱ መላላት የለበትም ይላል። ትክክለኛው መንገድ ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ውሃውን በደንብ ማጥራት ነው።

ክሎሪን የማይገድለው ጀርም አለ?

አለ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ጠንካራ ሽፋን ስላለው ክሎሪንን ይቋቋማል። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ሚልዋኪ ከተማ 400,000 ያህል ሰው በዚህ ታሟል። ውሃው ክሎሪን ነበረው፤ ማጣሪያው ግን በትክክል አልሠራም ነበር። ይህን ተሕዋስ የሚያስቀረው ጥሩ ማጣራት ነው። አልትራቫዮሌት ብርሃንም እንዳይራባ ያደርገዋል። ማፍላትም ይገድለዋል።

ደረጃውን የሚያወጣው ማነው? የሚቆጣጠረውስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መመሪያ ነው፤ ሕግ አይደለም። ሕግ የሚያደርገው እያንዳንዱ አገር ነው። አሜሪካ የመጠጥ ውሃ ደህንነት ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን ገደቦቹን የሚያስቀምጠው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ነው። የአውሮፓ ኅብረት የራሱን የመጠጥ ውሃ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 አድሷል። ገደቦቹ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ለምሳሌ የእርሳስ ማዕድን በጤና ድርጅቱ መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ሲሆን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2036 ወደ 5 እንዲወርድ ወስኗል። አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት ነው ማለት አይደለም። ገደብ ሲወጣ ጤናው ብቻ ሳይሆን የመለካት አቅምና ወጪውም ይታያል።

ቁጥር በወረቀት ላይ መኖሩ ግን ብቻውን ማንንም አያድንም። ውሃውን የሚያቀርበውና የሚቆጣጠረው አካል መለያየት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ካናዳ ውስጥ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ዝናብ የከብት እበት ወደ ውሃ ጉድጓድ አስገባ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፣ ከ2,000 በላይ ታመሙ። ምርመራው ሲካሄድ ኦፕሬተሮቹ ክሎሪኑን ሳይለኩ መዝገቡ ላይ ቁጥር ይሞሉ እንደነበር ተገኘ። ውሃው በየጊዜው የሚመረመር ይመስል ነበር። መዝገቡን ከውሃው ጋር የሚያመሳክር ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ሕይወት ይተርፍ ነበር።

ምርመራው ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

የኢ. ኮላይ ምርመራ በተለመደው መንገድ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ናሙናው በረቂቅ ወንፊት ይጣራና ወንፊቱ ባክቴሪያው በሚወደው ምግብ ላይ ተደርጎ ሙቅ ሳጥን ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ቀለም ያወጡት ነጠብጣቦች ይቆጠራሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ ሲወጣ ውሃው ተጠጥቷል። ስለዚህ ጥሩ ጣቢያ ላቦራቶሪውን ብቻ አይጠብቅም። ድፍርስነትንና ክሎሪንን ያለማቋረጥ ይለካል። ክሎሪኑ ከወረደ ወይም ድፍርስነቱ ከጨመረ ባክቴሪያው እስኪቆጠር ሳይጠበቅ እርምጃ ይወሰዳል።

ቀሪ ክሎሪንን ቤት ውስጥም መለካት ይቻላል። ትንሽ ብልቃጥ ውሃ ውስጥ ዲፒዲ የሚባል እንክብል ይጨመራል። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ሮዙ በጠነከረ ቁጥር ክሎሪኑ ብዙ ነው። ምንም ካልቀላ ጠባቂው የለም።

ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ለምን ደፍርሶ ይመጣል?

ቧንቧ ውስጥ ግፊት እስካለ ድረስ በቀዳዳው ውሃ ይወጣል እንጂ ምንም አይገባም። ውሃ ሲቋረጥ ግፊቱ ይጠፋል። ቧንቧው ባዶ ሲሆን ደግሞ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃ ሲያፈስ የነበረው ያው ቀዳዳ አሁን በዙሪያው ያለውን ያስገባል። የፍሳሽ መስመር በአቅራቢያው ካለፈ ወይም አፈሩ በፍሳሽ ከራሰ የሚገባው እሱ ነው። ውሃው ተመልሶ በኃይል ሲመጣ ደግሞ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ዝገትና ደለል ጠርጎ ያመጣል።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው በሚያየው ደለል ነው። የሚያሳምመው ግን የማይታየው ፍሳሽ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቦታ ሁሉ ይህ አደጋ አለ፤ ጣቢያው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን። ፓምፕ በቀጥታ ከመስመሩ ላይ ሰክቶ መሳብም ግፊቱን ስለሚያወርድ የጎረቤትንም የራስንም ውሃ ያስበክላል።

ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣውን ለመጠጥ አይቅዱ። ለወለል፣ ለመጸዳጃ፣ ለአትክልት ይሁን። እስኪጠራ ይጠብቁ። ከጠራም በኋላ ከተጠራጠሩ ያፍሉት ወይም ክሎሪን ይጨምሩበት። ሽቶ የሌለውና ክሎሪኑ 5 በመቶ ያህል የሆነ በረኪና ካለዎ ለ1 ሊትር የጠራ ውሃ ሁለት ጠብታ በቂ ነው። ደፍረስ ካለ አራት ያድርጉት። አማስለው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። መጨረሻ ላይ ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ሊኖረው ይገባል።

ውሃው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይመጣል። ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ አየር ነው። በብርጭቆ ቀድተው ያስቀምጡት። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነውና ይጠጡት። ነጩ ነገር ታች ከዘቀጠ ግን አየር አይደለም፤ ለውሃ አቅራቢው ያሳውቁ።

ታንከሬን እንዴት ልጠብቀው?

ታንከር ውስጥ ውሃ በተኛ ቁጥር ክሎሪኑ ይሞታል። ፀሐይ የሚያገኘው ታንከር ደግሞ ይሞቃል፤ ሙቀት ጀርም ያራባል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ይሁን። የአየር መውጫው ላይ ትንኝ የማያስገባ ወንፊት ይኑር። መውጫ ቧንቧው ከታንከሩ ወለል ትንሽ ከፍ ቢል ደለሉ ከውሃው ጋር አይወርድም።

ሲያጥቡት መጀመሪያ ባዶ ያድርጉትና በብሩሽ ይፈግፍጉት፣ ያጥቡት፣ ዝቃጩን ያውጡ። ከዚያ በንጹህ ውሃ ይሙሉትና ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ያህል ባለ 5 በመቶ በረኪና ይጨምሩ። ይህ በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ነው። አንድ ሙሉ ቀን ያቆዩት። ይህ ውሃ አይጠጣም። ቧንቧዎቹንም እንዲያጸዳ በነሱ በኩል ያፍስሱት፣ ከዚያ ታንከሩን አለቅልቀው በአዲስ ውሃ ይሙሉ። ወደ ታንከር ውስጥ የሚገባ ሰው ብቻውን አይግባ፤ ውስጡ አየር ያጥራል፣ በረኪናም ያፍናል።

ማፍላት ሁሉንም ችግር ይፈታል?

ጀርምን አዎ። ውሃው ፈልቶ ሲንተከተክ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ደግሞ 3 ደቂቃ ይቆይ። ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ኬሚካልን ግን ማፍላት አያጠፋም። ናይትሬት፣ ፍሎራይድ ወይም አርሰኒክ ያለበት ውሃ ሲፈላ ከፊሉ ይተናል፣ ኬሚካሉ ይቀራል፤ ስለዚህ በቀረው ውሃ ውስጥ ኬሚካሉ እንዲያውም ይጠነክራል። የፈላው ውሃ ቀዝቅዞ ቆሻሻ ዕቃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ድካሙ ከንቱ ነው። በዚያው በፈላበት ዕቃ ከድነው ያስቀምጡት።

የቤት ማጣሪያ ልግዛ?

መጀመሪያ ችግሩ ምን እንደሆነ ይወቁ። የሴራሚክ ማጣሪያ ባክቴሪያን ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ቫይረስን ግን ብዙም አይችልም። የከሰል ማጣሪያ ሽታን፣ ጣዕምንና ክሎሪንን ይወስዳል። ፍሎራይድን አይነካም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ውሃን በግፊት በረቂቅ ስስ ሽፋን የሚያሳልፈው ማጣሪያ፣ ፍሎራይድንም፣ አርሰኒክንም፣ ናይትሬትንም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ውሃ ያባክናል፣ ግፊትም ይፈልጋል። ለጀርም የተገዛ ማጣሪያ ለፍሎራይድ ከዋለ ቤተሰቡ በከንቱ ይተማመናል። ሌላው የሚረሳው ነገር ካርትሪጅ፣ ማለትም የማጣሪያውን ተቀያሪ ክፍል፣ መቀየር ነው። ያልተቀየረ የከሰል ካርትሪጅ ክሎሪኑን ወስዶ ጀርም የሚራባበት ቦታ ይሆናል።

የታሸገ ውሃ ይሻላል?

እንደ ፋብሪካው ነው። ብዙ ጊዜ ከደህና ቧንቧ ውሃ አይበልጥም። ውሃው ሲጠረጠር ወይም ጉዞ ላይ ግን ያግዛል። ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን ይመልከቱ፤ ፀሐይ ላይ አያቆዩት።

የእርሳስ ማዕድን ወደ ውሃ እንዴት ይገባል?

በአብዛኛው ከጣቢያው ሳይሆን ከቧንቧ፣ ከመበየጃና ከመክፈቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካዋ ፍሊንት ከተማ የውሃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ቀየረች። አዲሱ ውሃ ቧንቧ የሚበላ ሆኖ ሳለ መከላከያ ኬሚካል አልተጨመረበትም። በአሮጌ ቧንቧዎች ውስጥ የነበረው እርሳስ እየሟሟ ልጆች ጠጡት። እርሳስ የልጅን አእምሮ እድገት ይጎዳል። ቤትዎ አሮጌ ቧንቧ ካለው ጠዋት መጀመሪያ የሚመጣውን ውሃ ለመጠጥ አይጠቀሙ። ሙቅ ውሃ እርሳስን የበለጠ ስለሚያሟሟ ለምግብና ለሕፃን ወተት ሁልጊዜ ከቀዝቃዛው ይቅዱ። ማፍላት እዚህም አይረዳም።

የውሃ አቅራቢው ዘንድ ስደውል ምን ልበል?

«ውሃው መጥፎ ነው» ማለት ብቻ ባለሙያውን አይመራውም። መቼ እንደጀመረ፣ ቀለሙና ሽታው ምን እንደሚመስል፣ በሁሉም ቧንቧ ነው ወይስ በአንዱ፣ ቀዝቃዛው ነው ወይስ ሙቁ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ነው ወይስ ከታንከር የሚወርደው ይንገሩ። ከቆጣሪው አጠገብ ደህና ሆኖ ከታንከሩ ከተበላሸ ችግሩ ግቢዎ ውስጥ ነው። ጎረቤትም ካጋጠመው ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ተቅማጥ ከያዘው ይህንንም አይደብቁ። ውሃው ሳይጠራ በንጹህ ጠርሙስ ናሙና ያስቀምጡ፤ ላቦራቶሪ የሚመረምረውን ናሙና ግን ባለሙያው ራሱ በጸዳ ዕቃ ይወስዳል። የምርመራውን ውጤት የመጠየቅ መብት በብዙ አገሮች አለ፤ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ቀኑንም ይመዝግቡ።